ፍሬሽማን ፊዚክስ የሚከብደው በሒሳቡ አይደለም

የአንድ ብር ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሩ። ከእጃችሁ ከተላቀቀ በኋላ፣ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ፣ ሳንቲሙ ላይ የሚያርፉት ኃይሎች የትኞቹ ናቸው? አየሩ የሚፈጥረውን እንቅፋት ለጊዜው እንተወው። ይህን ጥያቄ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስን በጥሩ ውጤት ላለፈ ተማሪ ብታቀርቡለት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኃይሎች እንዳሉ ይነግራችኋል። አንደኛው ወደ ታች የሚጎትተው የመሬት ስበት ነው፤ ሁለተኛው ከእጅ የተቀበለውና ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ነው። ሳንቲሙ ሲወጣ የእጁ ኃይል ይበልጣል፣ ጫፍ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፣ ከዚያ በኋላ ስበቱ ያሸንፍና ሳንቲሙ ይወርዳል። መልሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ዓይን ከሚያየውም ጋር ይስማማል። ግን ትክክል አይደለም።

ሳንቲሙ እጅን ከለቀቀበት ቅጽበት አንሥቶ ተመልሶ እስኪያርፍ ድረስ አንድ ኃይል ብቻ አለው፤ እሱም ስበት ነው። ሲወጣም፣ ጫፍ ላይ ሲደርስም፣ ሲወርድም ስበቱ ያው ነው። እጅ መግፋት የሚችለው እስከነካ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሳንቲሙ ይዞት የሚሄደው ፍጥነት እንጂ ኃይል አይደለም።

በቁጥር እንየው። ሳንቲሙ በሰከንድ 10 ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ተወረወረ እንበል። ስበት በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ9.8 ይቀይረዋል፤ ለስሌት እንዲቀልለን 10 እንበለው። ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ ወደ ላይ 5 ነው። በአንድ ሰከንድ ዜሮ ይሆናል፤ ሳንቲሙ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ደርሷል። በአንድ ሰከንድ ተኩል ወደ ታች 5፣ በሁለት ሰከንድ ደግሞ ወደ ታች 10 ሆኖ እጃችሁ ላይ ያርፋል። በየግማሽ ሰከንዱ የመጣው ለውጥ ምንጊዜም 5 ነው፤ በአቅጣጫም በመጠንም አልተለወጠም። ጫፍ ላይ ያለውን ቅጽበት ደግሞ ለብቻው አስቡት። እዚያ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ኃይሎቹም በዚያ ቅጽበት እርስ በርስ ተጣፍተው ቢሆን ኖሮ፣ ቀጥ ያለው ሳንቲም እዚያው አየር ላይ እንደቆመ ይቀር ነበር። የሚወርደው ጫፍ ላይም ቢሆን ስበቱ ለአፍታ እንኳ ስላልተወው ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ለምን ይከብዳል ብላችሁ ካምፓስ ውስጥ ብትጠይቁ የምትሰሙት ሌላ ነው። ሒሳቡ ይከብዳል፣ ፎርሙላው ይበዛል፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ መምህሩ ይፈጥናል ይሏችኋል። አንዱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሳንቲሙን ጥያቄ ለመመለስ ምንም ሒሳብ አያስፈልግም፤ በአማርኛ ቢቀርብም ያው ስሕተት ይመጣል። ዋናው ችግር ተማሪው ባዶ እጁን ወደ ክፍል አለመግባቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጋሪ ሲገፋ፣ ኳስ ሲለጋ፣ ውኃ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የገነባው የራሱ ፊዚክስ አለው። የዚያ ፊዚክስ የመጀመሪያ ሕግ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚገፋው አለው፣ ገፊው ሲደክም ነገሩ ይቆማል የሚል ነው። ፍትጊያ በሞላበት ዓለም ይህ ሕግ ለዕለት ኑሮ ይበቃል፤ ጋሪው በእርግጥም ካልተገፋ ይቆማል። የኒውተን ሕግ ግን ተቃራኒውን ይላል፦ ኃይል የሚያስፈልገው ለመንቀሳቀስ ሳይሆን እንቅስቃሴን ለመለወጥ ነው።

ይህን ማመን ያቃተው ተማሪ ሞኝ አይደለም። ገፊ ከሌለ እንቅስቃሴ የለም የሚለውን ሐሳብ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን በሰፊው አስተምሮታል። በ6ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኑስ ተቃወመውና ወርዋሪው ለተወረወረው ነገር ከውስጥ የሚሠራ ኃይል ያሳድርበታል አለ። በ14ኛው መቶ ዘመን የፓሪሱ ዣን ቡሪዳን ይህንኑ ሐሳብ አስፋፋው። ልብ በሉ፣ ከላይ ያየነው ተማሪ ስለ ሳንቲሙ የሰጠው መልስ ለእነዚህ ሊቃውንት ሐሳብ በእጅጉ የቀረበ ነው። ጋሊሌዮ ስለ እንቅስቃሴ የጻፈውን ዋና መጽሐፉን ያሳተመው በ1638 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኒውተን ፕሪንኪፒያ የወጣው በ1687 ነው። የሰው ልጅ ከአርስቶትል ኒውተን ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። የፍሬሽማን ተማሪ ይህንኑ መንገድ በጥቂት ሳምንታት እንዲጨርስ ይጠየቃል። ይህን የሚነግረው ሰው ማጣቱ ያሳዝነኛል፤ ብዙዎች ችግሩ የኔ አእምሮ ነው ብለው ይደመድማሉና።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ጥድፊያው ይብሳል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የፍሬሽማን ዓመት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። በተፈጥሮ ሳይንስ የተመደበ ተማሪ ሐኪምም ይሁን ኢንጂነር መሆን ቢያስብ ጄኔራል ፊዚክስን ይወስዳል። ለኮርሱ የተዘጋጀው የጋራ ሞጁል ሰባት ምዕራፎች አሉት። ከመለኪያና ከቬክተር ይነሣና በእንቅስቃሴና በኃይል በኩል ወደ ፈሳሾች፣ ወደ ሙቀትና ቴርሞዳይናሚክስ፣ ወደ ሞገድና ብርሃን፣ ወደ ኤሌክትሪክና ማግኔት ያልፋል፤ በመጨረሻም ፊዚክስ ለግብርና፣ ለሕክምናና ለኃይል ማመንጫ ያለውን ጥቅም ያሳያል። በየቤተ መጻሕፍቱ የሚገኘው የሰርዌይ መጽሐፍ ይህን ሁሉ ለመሸፈን ከአንድ ሺህ በላይ ገጾች ይፈልጋል፤ በሌላው ዓለም በሁለት ወይም በሦስት ሴሚስተር ነው የሚሰጠው። እዚህ አንድ ሴሚስተር ነው ያለው።

በዚህ ሩጫ መጀመሪያ የሚጎዳው ሁለተኛው ምዕራፍ፣ የኒውተን ሕጎች ያሉበት ነው። መምህሩ ይህንን በ11ኛ ክፍል አይታችሁታል ይልና ያልፈዋል። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ግን እዚያ ላይ የቆመ ነው። የፈሳሽ ግፊት ማለት በአንድ አሃድ ስፋት ላይ ያረፈ ኃይል ነው። የቴርሞዳይናሚክስ ሥራ ፒስተኑን የሚገፋው ኃይል የሚሠራው ነው። የኤሌክትሪክ መስክ በአንድ አሃድ ቻርጅ ላይ የሚያርፍ ኃይል ነው። ኃይል ምን እንደሆነ ሳይገባው ወደ አምስተኛውና ስድስተኛው ምዕራፍ የደረሰ ተማሪ ከሽምደዳ ሌላ ምርጫ የለውም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን በላብራቶሪ እጥረት ማሳበብ በቻልን ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኢብራሂም ሃሉን እና ዴቪድ ሄስተንስ፣ የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎችን ስሌት በሌላቸው ጥያቄዎች ፈተኗቸው። ተማሪዎቹ ኮርሱን ከመጀመራቸው በፊት የነበራቸው የእንቅስቃሴ ግንዛቤ ኮርሱን ጨርሰውም ብዙ አልተለወጠም ነበር። ሄስተንስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፈተና፣ ዛሬ 30 ባለ ምርጫ ጥያቄዎችን የያዘው፣ በዓለም ዙሪያ የፊዚክስ ኮርሶች መመዘኛ ሆኗል። ከጥያቄዎቹ አንዳቸውም ካልኩሌተር አይጠይቁም።

የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙር ይህን ጥናት ሲያነብ የእኔ ተማሪዎች እንዲህ አይሆኑም ብሎ አስቦ ነበር። ለዓመታት የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ አስተምሯል፤ ተማሪዎቹ ይወዱታል፣ የፈተና ውጤታቸውም ጥሩ ነው። ጥያቄዎቹን ሲሰጣቸው ግን ከባድ የሰርኪት ስሌት የሚሠሩት እነዚያው ልጆች ቀላል በሚመስሉት የኃይል ጥያቄዎች ተሰናከሉ። ከተማሪዎቹ አንዷ አንተ ባስተማርከን መንገድ ልመልስ ወይስ እኔ በማስበው መንገድ የሚል ጥያቄ እንዳቀረበችለት በኋላ ተናግሯል። በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት ፊዚክሶች ይኖራሉ፣ አንዱ ለፈተና ሌላው ለኑሮ ማለት ነው፤ ኮርሱ ለኑሮ የያዙትን አልነካውም።

ተማሪዎችን በጣም ከሚያሳስቱት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ግጭት ነው። ከባድ መኪና ከትንሽ መኪና ጋር ሲጋጭ የትኛው ነው በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል የሚያሳርፈው? ወደ መንገዳችን አምጡት፤ ሲኖትራክ ከባጃጅ ጋር ተጋጨ እንበል። የተማሪውም የመንገደኛውም መልስ አንድ ነው፦ ሲኖው። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ግን ሲኖው ባጃጁን የገፋበትና ባጃጁ ሲኖውን የገፋበት ኃይል በትክክል እኩል ናቸው ይላል። ሕጉን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ እንኳ እዚህ ሲደርስ ዓይኑን ማመን ይመርጣል፤ ተጨፍልቆ የቀረው ባጃጁ ነዋ! ነገሩ የሚፈታው ኃይሉን እና ኃይሉ ያመጣውን ውጤት ለይተን ስናይ ነው። ባጃጁ ከነተሳፋሪው 600 ኪሎ፣ ሲኖው ከነጭነቱ 30 ቶን ቢመዝን፣ ሲኖው 50 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። እኩል ኃይል፣ ለእኩል ጊዜ፣ 50 እጥፍ በቀለለው ነገር ላይ ሲያርፍ የፍጥነት ለውጡ 50 እጥፍ ይሆናል። የሲኖው ፍጥነት በሰዓት በ1 ኪሎ ሜትር ሲቀንስ የባጃጁ በ50 ይለወጣል። የባጃጁ ቆርቆሮም ከሲኖው የብረት ፍሬም ጋር በጥንካሬ አይወዳደርም። ዓይን ያየው እውነት ነው፤ ያየው ግን ውጤቱን እንጂ ኃይሉን አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሄክ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት የ62 ኮርሶችንና የ6,542 ተማሪዎችን ውጤት አነጻጽሯል። መለኪያው ተማሪው ኮርሱ ሲጀመር ከማያውቀው ውስጥ ምን ያህሉን ዐውቆ ወጣ የሚል ነው። መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው ኮርሶች አማካዩ 0.23 ሆነ፤ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ እንዲገምቱ፣ እንዲከራከሩና ወዲያው እርማት እንዲያገኙ በተደረገባቸው ኮርሶች 0.48 ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ውስጥ ጎበዝ አስተማሪዎችም ነበሩ። ማስረዳት ጥሩ ነገር ቢሆንም ሥር የሰደደ እምነትን ብቻውን አይነቅልም፤ እምነቱ የሚናወጠው ተማሪው ግምቱን አውጥቶ ተናግሮ፣ ግምቱ ሲወድቅ ሲያይ ነው።

ይህን ተማሪው ለብቻውም ሊሠራው ይችላል። አንድ ምሳሌ ረጋ ብለን እንውሰድ። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆማለች። ሊፍቱ ከምድር ቤት ተነሥቶ ወደ 10ኛ ፎቅ ይወጣል። ሚዛኑ በመንገዱ ላይ ምን ያሳያል? ወደ ፎርሙላ ከመሮጣችሁ በፊት ግምታችሁን በወረቀት ጻፉ። ብዙ ሰው የሚገምተው ሊፍቱ እስከ ወጣ ድረስ ሚዛኑ ከ60 በላይ እንደሚያሳይ ነው።

አሁን ሴትዮዋን ብቻ ሣሉ፤ ሊፍቱንም ሕንፃውንም ተዉት። ከእሷ ላይ የሚነሣ ቀስት ሁሉ ለአንድ ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል፦ ማነው የሚገፋት ወይም የሚጎትታት? መሬት ወደ ታች ይጎትታታል፤ ይህ 588 ኒውተን ነው፣ አይለወጥም። ሚዛኑ ደግሞ እግሯን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሚዛኑ የሚያነበውም ይህንን ግፊት ነው። ሦስተኛ የሚነካት ነገር ስለሌለ ሦስተኛ ቀስት የለም። ይህቺ ጥያቄ የሳንቲሙንም ችግር ትፈታለች፤ እጅ ከለቀቀው በኋላ ወደ ላይ የሚገፋው ማነው ብለን ብንጠይቅ ስም የምንሰጠው ነገር አናገኝም፤ ቀስቱም ይሰረዛል።

ሊፍቱ ሲነሣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ1 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ነው እንበል። ወደ ላይ የሚፈጥን ከሆነ ወደ ላይ የሚገፋው መብለጥ አለበት፦ 60 ሲባዛ በ10.8፣ ማለትም 648 ኒውተን። ሚዛኑ 66 ኪሎ ገደማ ያሳያል። ከዚያ ሊፍቱ ፍጥነቱን ይይዝና ሳይጨምር ሳይቀንስ በመካከለኛዎቹ ፎቆች ያልፋል። እዚህ ላይ ነው ግምቱ የሚወድቀው፤ ፍጥነቱ ስላልተለወጠ ሁለቱ ቀስቶች እኩል ናቸው፣ ሚዛኑም ወደ ላይ እየወጣች ሳለ ልክ 60 ያሳያል። 10ኛ ፎቅ ሊደርስ ሲል ሊፍቱ በዚያው መጠን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አሁንም ወደ ላይ እየሄደች ነው፣ ሚዛኑ ግን 528 ኒውተን፣ 54 ኪሎ ገደማ ይላል። በአንድ ጉዞ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሦስት ንባብ። የእንቅስቃሴው አቅጣጫ ስለ ኃይሉ ምንም እንደማይነግረን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ሊፍትና የሰው ሚዛን ያገኘ ተማሪ ሄዶ ይሞክረው፤ ላብራቶሪ አያስፈልገውም።

የእኛ ተማሪዎች ጥያቄ ሲሠሩ ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን ብለው ይጽፋሉ። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ሥዕሉን ዘሎ ስለሚጀምር ተማሪው የተሰጡትን ፊደላት አይቶ እነሱ ያሉበትን ፎርሙላ ወደ መፈለግ ይገባል። በ1981 እ.ኤ.አ. ሚሼሊን ቺ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ባደረገችው ጥናት፣ ለጀማሪ ተማሪዎችና ለፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄዎች ተሰጥተው በየወገናቸው እንዲመድቧቸው ተጠየቁ። ጀማሪዎቹ የዘንባላ ወለል ጥያቄ፣ የስፕሪንግ ጥያቄ፣ የፑሊ ጥያቄ ብለው መደቡ። የዶክትሬት ተማሪዎቹ ግን የስፕሪንጉንና የዘንባላውን ወለል ጥያቄ አንድ ላይ አድርገው ሁለቱም የኢነርጂ ጥበቃ ጥያቄዎች ናቸው አሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ተማሪ ለየጥያቄው የተለየ አሠራር መሸምደድ ይኖርበታል፤ ፈተናው ላይ ያላየው ሥዕል ሲመጣ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ወርክሺት ከጨረሳችሁ በኋላ ሌላ ሃያ ጥያቄ ከመጨመር ይልቅ የሠራችኋቸውን መልሳችሁ እዩና በየአንዳንዱ ላይ የተጠቀማችሁበትን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ለዶርም ጓደኛ ማስረዳትም ትልቅ ጉልበት አለው፤ በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ፣ በምትናገሩበት ቋንቋ ይሁን። ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ መሆኑ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ብቻ እንድትይዙት አያስገድዳችሁም። አክስለሬሽን የሚለውን ቃል ሳይጠሩ ሳንቲሙ ጫፍ ላይ ምን እንደሚሆን መናገር የሚችል ተማሪ ገብቶታል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። እንዲህ ያለው አጠናን ደስ አይልም። በ2019 እ.ኤ.አ. ሉዊ ዴላሪየር እና ባልደረቦቹ በሃርቫርድ የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው አንዱን ወገን በተዋጣለት ሌክቸር፣ ሌላውን ራሱ እየሞከረ እንዲማር አደረጉ። በፈተናው የተሻለ ያመጡት ራሳቸው የሞከሩት ናቸው። ብዙ ተምረናል ብለው የተሰማቸው ግን ሌክቸሩን የሰሙት ነበሩ። ጥሩ ሌክቸር ሁሉን ነገር ቀና አድርጎ ስለሚያሳይ የገባን ይመስለናል፤ መሞከር ግን ጉድለታችንን ያሳየናል። ሚዛኑ 60 ያሳያል ሲባል ግር ያለው ተማሪ ወደ ኋላ የቀረ ሊመስለው ይችላል፤ በእርግጥ ግን መማር የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

መምህራን በበኩላቸው ክፍሉ ሞልቷል፣ መሣሪያ የለም፣ ሞጁሉ አያልቅም ይላሉ። ሸክማቸው እውነተኛ ነው። ማዙር ያመጣው ዘዴ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አራት ምርጫ ያለው አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ተማሪው ለብቻው ያስብና በጣቱ ይመርጣል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ሁለት ደቂቃ ይከራከራል፣ እንደገና ይመርጣል፤ ከዚያ መምህሩ ያስረዳል። በዚህ መካከል የሚባክነው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ባለበት ደግሞ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጁትን ፌት የተባሉ የፊዚክስ ማሳያዎች በነፃ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ግን መለወጥ ያለበት ፈተናው ነው፤ ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነውና። ፈተና ለምታወጡ መምህራን የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ሚድ ላይ ሁለት ቁጥር የሌላቸው ጥያቄዎች አስገቡ፤ አንዱ ስለ ሳንቲሙ፣ አንዱ ስለ ሲኖውና ባጃጁ ይሁን፤ ምርጫ ብቻ ሳይሆን ምክንያትም ይጻፍባቸው። ሲታረሙ ያለ ማርክ ብታደርጓቸው እንኳ፣ የምታገኟቸው መልሶች ሁለተኛው ምዕራፍ እንደገና ሊሰጥ ይገባው እንደሆነ ይነግሯችኋል።